የመሐንዲሱ የቤት ኮምፒውተር ሲደመሰስ ያየሁት

መጠሪያ፦ በሰፈሩ ‹‹ብሎን›› (ሙሉ ስሙ ከመታወቂያው ተገልብጦ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል)
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ኮምፒውተር ጥገና
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለው ጥገና ሱቅ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ረቡዕ 15/6፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት

እኔ ምስክሩ በሕንፃው መደርመስ ምክንያት በተከፈተው ምርመራ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ትናንት ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ገደማ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ስሠራ አንድ ሰው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ኮምፒውተር ታቅፎ ገባ። ሰውየውን በመልክ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ተደርምሶ ሁለት የቀን ሠራተኞች የሞቱበት ሕንፃ ፎርማን ነው። ኮምፒውተሩ አሥር ዓመት የሚሆነው፣ ጎኑ ላይ የልጆች ስቲከር የተለጣጠፈበት ነው። የእህቱ ልጆች እንደሚጠቀሙበት ገልጾ፣ በጣም ስለተንቀራፈፈ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጌ እንድመልስለት ጠየቀኝ። ከእንዲህ ዓይነት ሥራ በፊት ውስጡ ያለውን ፎቶና ጽሑፍ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ልማዴ ስለሆነ ‹‹ልገልብጥልህ?›› አልኩት። ‹‹የረባ ነገር የለውም፤ ጥርግ አድርገህ አጥፋልኝ›› አለኝና በሩ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ኮምፒውተሩን ስከፍት ‹‹የሳይት ፎቶ›› እና ‹‹ለፎርማኑ የጻፍኩት›› የሚሉ ሁለት ፎልደሮች አየሁ። የሕንፃው መሐንዲስ ከአደጋው ማግስት ጀምሮ በእስር ላይ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሚስቱ የፎርማኑ እህት መሆኗንም አውቃለሁ። ስለዚህ የማን ኮምፒውተር እንደሆነ ያኔውኑ ገባኝ። ‹‹ይሄ የአማችህ አይደል እንዴ?›› ብዬ ስጠይቀው ‹‹አንተ ሥራህን ሥራ›› አለኝ። ተነስቶም በሩን ገርበብ አደረገው። እኔም ፈራሁ። የማያገባኝ ነገር ውስጥ አልግባ ብዬ ማስጀመሪያውን ተጫንኩት። እስከዚያ ድረስ እጁን አላነሳብኝም፤ አልዛተብኝምም። መርማሪው ይህንኑ እንዳለ እንዲጽፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ጥቂት ደቂቃ እንደሄደ የመሐንዲሱ ሚስት በሩን በርግዳ ገባች። መምህርት ናት፤ ጎረቤቷ፣ ወንድሟ ኮምፒውተሩን ይዞ ከቤቷ ሲወጣ አይታ ስለደወለችላት ከክፍል በቀጥታ መምጣቷ ነው። እጆቿ ላይ ገና ጠመኔ ነበር። ወንድሟን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው። ‹‹ጋሼ፣ አጠፋኸው?›› አለችኝ። ስክሪኑ ላይ 11 በመቶ ይል ነበር። ‹‹እየጠፋ ነው›› አልኳት። ‹‹ባሌ ለሱ የጻፈው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። በልጆችህ፣ ንቀለው!››

የጠፋ ነገር በላዩ ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ማሽኑ ግን በየሰከንዱ እየጻፈበት ነበር። ወደ ሶኬቱ ስጎነበስ ፎርማኑ ቀድሞኝ የእጄን አንጓ ያዘ። ለእህቱ ‹‹እሱ አንዴ እስር ቤት ገብቷል። እኔም እንድገባልሽ ነው?›› አላት። ስክሪኑ 14 አለ፤ 15 አለ። የሱቁን ኤሌክትሪክ በሙሉ የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ስለሆነ በግራ እጄ ዳብሼ አጠፋሁት። ሱቁም ስክሪኑም ድርግም አለ። ፎርማኑ እጄን ለቆ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ሊያነሳ ሲል እህቱ ላዩ ላይ ተደፋችበት። ‹‹ከኔ ጋር አንሳና ወርውረው›› ስትለው ሰምቻለሁ። ክንዷን ሁለት ጊዜ ጎተተ። አልተነሳችም። በመጨረሻ ትቷት ወጣ።

ወዲያውኑ በሩን ቆልፌ ለፖሊስ ደወልኩ። መርማሪው 5፡10 ሰዓት ላይ ደረሰ። እሱ ባለበት ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት እስከ ቀኑ 10፡00 ሰዓት ፈለግሁ። ከደብዳቤዎቹ አንድም አልተገኘም። ከፎቶዎቹ የዳኑት ሰባት ሲሆኑ፣ ስድስቱ የልጆች ልደት ናቸው። ሰባተኛው ሕንፃው ከመደርመሱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የተነሳ ነው። ኮንክሪት ያልተሞላበት የምሰሶ ብረት ይታያል፤ አጠገቡ ባለው ጣውላ ላይ በቀይ ቀለም ‹‹ብረቱ ሳይጨመር እንዳይሞላ›› ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ ፊት ለፊት አንድ ሰው ቆሟል። የፎቶው የላይኛው ግማሽ ስለተበላሸ ከደረቱ በላይ አይታይም።

መርማሪው ሰውየውን እንደማውቀው ጠየቀኝ። ፊቱን ሳላይ ፎርማኑ ነው ብዬ መማል እንደማልችል ተናገርኩ። የመሐንዲሱ ሚስት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከዚያም ሸሚዙ ላይ ከሌሎቹ በቀለም የምትለየውን ቁልፍ በጣቷ ነክታ ‹‹ይቺን የተከልኩለት እኔ ነኝ። ወንድሜ ነው፤ ጻፉት›› አለች።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያላየሁት አልተጨመረበትም፤ ያደረግሁትም አልተቀነሰበትም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________