በእትዬ ፊውዝ አውራ ጣት ብቻ የሚከፈት በር

መጀመሪያ ቅሬታ አለኝ። ይቺ ሴትዮ ትንሿን ብሎን መፍቻዬን “ለአንድ ደቂቃ” ብላ ወስዳ እስከ ዛሬ አልመለሰችም። አሁን ኬኳን በልታ፣ ስጦታዋን ታቅፋ ጡረታ ልትወጣ ነው። መፍቻዬስ?

ድሮም አመጣጧ ያስታውቅ ነበር። በመጣችበት ቀን፣ ገና ሰላም ሳትለን፣ ይዛው የመጣችውን ሰርኪት ሶኬት ላይ ሰካችው። ሕንፃው በሙሉ ድርግም! አለቃችን በጨለማው ውስጥ “ማነው?” ብሎ ጮኸ።

“አዲሷ የኤሌክትሪክ ተመራማሪ ነኝ። ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል።”

እትዬ ፊውዝ ያልናት ያን ዕለት ነው።

ማነፍነፏንስ! ሰርኪት ሲበላሽ እኛ መለኪያ ፍለጋ ስንራወጥ፣ እሷ አፍንጫዋን ደቅና “ይቺ ናት የተቃጠለችው” ትላለች። አንዴ የአለቃችንን አዲስ ኮምፒውተር አሸተተችና “ነፍስ ይማር” ብላው ሄደች። በሳምንቱ ሞተ።

ይሄ በርስ? ኤሌክትሮኒክ ቁልፉን የነደፈችው ራሷ ናት። ለመግባትም ለመውጣትም ካርድ ይበቃል ተባልን። የታለ! እሷ በግራ አውራ ጣቷ የቁልፉን ጥግ ጫን ካላደረገችው በሩ ንቅንቅ አይልም። ሁላችንም ጣታችንን ሞክረናል፤ አለቃችንም ሳይቀር። “እባክሽ አስተካክዪው!” ስንላት፣ “ይሠራል እኮ!” ትላለች።

ላንቺ ነዋ!

ለበሩ ጊዜ ያጣችው ለምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የጨቅላ ሕፃን ትንፋሽ ሲቆም ነርሷን የሚጠራውን ሳጥን ስትሠራ፣ የምበይድላት እኔ ነበርኩ። “ሠራ!” ብዬ ስጨፍር፣ “እኔ ሳልነካው ይሥራ” ትለኛለች። አፍርሰን እንደገና። ትምህርት ቤት ገብቼ ላልተማርኩት ሙያ አስተማሪዬ እሷ ናት። እትዬ፣ ሳጥኑ ዛሬ ያላንቺ ይሠራል። ያላንቺ መሥራታችንን ያልሞከርነው እኛ ነን። እግዜር ይስጥልን።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! እጅሽ አይዛል፣ አፍንጫሽ አይደፈን፣ ቤትሽ መብራት አይጥፋ! ለጤናሽ!

ቆይ… ማነው የሚያንኳኳው? ባለቤቷ! ነገ ነው ከመንገድ የሚመለሰው አልተባለም እንዴ? “ሚስቴን ልወስድ መጣሁ” ይላል!

ጋሼ፣ እዚያው ትንሽ ይቁሙ! እኛም እዚያው ቆመን ስንጠብቃት ነው የኖርነው።

አንቺ ደግሞ የት ትነሻለሽ? ቁጭ በይ! አውራ ጣትሽን ብርጭቆሽ ላይ አቆዪልን።