ከአራቱ ቋሚዎች ጀርባ፦ የአቶ ምንይሉ ተድላ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የዕድራችን አባላት፣ እንዲሁም ከፓልምስ፣ ከጋርዴናና ከግሌንዴል ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን ሰው ታሪክ እንድናነብ ቤተሰቡ ጠይቆናል። አጭር ይሁን ያሉት ሟቹ ራሳቸው ናቸው። ንግግር ሲረዝም የመኪና ቁልፋቸውን ማንቃጨል ልማዳቸው እንደነበር ከመካከላችሁ የማያውቅ የለምና፣ እንዳሉት ለማድረግ እንሞክራለን።

አቶ ምንይሉ ከአባታቸው ከአቶ ተድላ ወንድይፍራውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመለወርቅ ደስታ በ1947 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በምድር ባቡር የመሻገሪያ ዘበኛ ነበሩ፤ ባቡር ሲመጣ መዝጊያውን ማውረድ፣ ሲያልፍም ማንሣት፣ በመካከሉ ግመል ነጂውንም ባለመኪናውንም እኩል ማስቆም ሥራቸው ስለነበር፣ ትንሹ ምንይሉ ከፊደል በፊት የተማሩት ቃል ‹‹አያልፍም!›› የሚለው ነው ይባላል።

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በዚያው ሲማሩ ለትምህርት ቤታቸው የእግር ኳስ ቡድን በተከላካይነት ተጫውተዋል። ጎል አግብተው አያውቁም፤ በዚህም አላፈሩም። ከዚያም በምድር ባቡሩ የዕቃ ክፍል ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ፣ ዘመኑ ለወጣት የማይመች ሲሆን በ1971 ዓ.ም. ያንኑ ያደጉበትን ሐዲድ ይዘው ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ሎስ አንጀለስ ገቡ። እዚህም እንደ ብዙዎቻችን የሰው መኪና ፓርክ በማድረግ ጀምረው፣ ታክሲ ነድተው፣ በመጨረሻም በፌርፋክስ አቅራቢያ ለሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ሆነው እስከ ጡረታቸው ሠርተዋል።

በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቀለመወርቅ ኃይሉ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ሃይሚንና ይስሐቅን ወለዱ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በብርቱ ጨዋነት ነው፤ ታላቅ ሳይቆርስ እጅ አይዘረጋም፣ በር ላይ ታላቅ ይቀድማል፣ ከትሪው ላይ የቀረችውንም የመጨረሻ ቁራሽ ‹‹የእኔ ናት›› የሚል ልጅ ከዚያ ቤት አልወጣም። ይህን የምናነሣው ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ ኋላ ራሳቸውን አቶ ምንይሉን ብዙ ስላስቸገራቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ኤማ የምትባል የአውስትራሊያ ተወላጅ መኪናዋን በየቀኑ እርሳቸው ዘንድ ታቆም ነበርና፣ አንድ ቀን የኋላ ሣጥኗን ስትከፍት እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ቀይ ኳስ አዩ። ምን እንደሆነ ሲጠይቋት የአገሯን እግር ኳስ አስረዳቻቸው። ሜዳውም እንደ ኳሱ ሞላላ ነው፤ ኳሱ በእጅ ይያዛል፣ በእግር ይመታል፣ በጡጫም ይባረራል። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች ተተክለዋል፤ በመካከለኞቹ ያስገባ ስድስት ነጥብ፣ በዳር ያሳለፈ አንድ ነጥብ ያገኛል። ከሰማይ የሚወርደውን ኳስ ለመያዝ የሌላውን ትከሻ በጉልበቱ ረግጦ የወጣ ሰው ይጨበጨብለታል እንጂ አይቀጣም። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ‹‹በረኛው የት ነው የሚቆመው?›› ብለው ጠየቁ። በረኛ እንደሌለ ስትነግራቸው እጅግ ተገረሙ። ‹‹ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቃል?›› አሏት። ኤማም ‹‹ተከላካዮቹ። እዚህ ያቋቋምኩት ቡድን ችግርም እርሱ ነው፤ ሁሉም ማግባት ይፈልጋል፣ ከኋላ የሚቆምልኝ የለም›› አለቻቸው። የመሻገሪያ ዘበኛው ልጅ ይህን ከሰሙ በኋላ እምቢ ማለት አልቻሉም።

በወሩ ውስጥ ከታክሲው፣ ከፓርኪንጉና ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰው ለቅመው የኋላውን መስመር ሞሉት። ከእነርሱ መካከል የክርስትና ልጆቻቸውን ቁጥር ራሳቸው በትክክል የማያውቁት፣ በቡድኑ በዕድሜ ትልቁ ጋሼ ዘርዓብሩክና፣ ከእነዚያ የክርስትና ልጆች አንዱ የሆነው፣ ገና ኮሌጅ የገባው የአቶ ምንይሉ ልጅ ይስሐቅ ይገኙበታል። ሁሉም ብርቱዎች፣ ሁሉም ፈጣኖች ነበሩ። በመጀመሪያው ጨዋታ ግን ኳሱ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ መስመር ሲመጣ፣ ጋሼ ዘርዓብሩክና ይስሐቅ ከሥሩ ደረሱ፤ ተያዩ፤ ይስሐቅ ለታላቁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ጋሼ ዘርዓብሩክም ከልጁ ጋር እንዳይሻሙ ወደ ኋላ አሉ፤ ኳሱ በመካከላቸው ነጠረ፤ ባላጋራቸውም እያመሰገነ አነሣው፤ ስድስት ነጥብ ሆነ። ያንለት እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ተደገመ። ኤማ ፀጉሯን ይዛ ‹‹ኳሱን ፈርተው ነው?›› ስትል፣ አቶ ምንይሉ በኀዘን ራሳቸውን ነቅንቀው ‹‹አይደለም፤ ተግደርድረው ነው›› አሉ። ይህን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የቀረው ቀን አልበቃቸውም።

ከዚያ ጀምሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተከላካዮቹን ባዶ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ይሰበስቧቸው ነበር። በአስፋልቱ ላይ ባለው ቢጫ መስመር እያንዳንዱን በየቦታው አቆሙት፤ አንዱ ቦታውን ለቅቆ ኳስ ሊቀማ ሲሄድ ጎረቤቱ ተንሸራቶ ክፍተቱን እንዲዘጋ አስተማሩ። በዕድራችን ብዙ ዓመት ዳኛ ስለነበሩም ነገሩን በሚያውቁት አስረዱ። ‹‹ለቅሶ ቤት ተጠርቶ አይኬድም። አንዱ ለኳስ ሲዘል ቤቱ ሰው እንደሞተበት ቁጠሩት፤ ቅርብ ያለው ከፊቱ፣ ሌላው ከኋላው ይድረስ፤ የቀረው ቤቱን ይጠብቅ›› ይሉ ነበር። ኳሱን መያዝ የማይቻል ሲሆን በጡጫ ወደ ዳር ማባረርን፣ ጭንቅ ሲመጣም ኳሱን ራሳቸው በዳር ቋሚዎች መካከል አሳልፈው ለባላጋራ አንድ ነጥብ በመስጠት ስድስቱን ማዳንን አሳዩአቸው። ከዚያ በኋላ ኳሱ ለተከላካዩ ስለሚሰጥ ይህን ሕግ አብዝተው ወደዱት፤ ያወጣው ሰው ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታረቀ መሆን አለበት ይሉ ነበር።

መግደርደሩ ግን አልለቀቀም። ተከላካይ ወደ ኳሱ ሲሄድ ‹‹የእኔ!›› ብሎ መጮኽ አለበት፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ይህን ቃል በአደባባይ እንዳይሉ ተገርፈው ያደጉ ናቸው። አቶ ምንይሉ አስበው አስበው የኋላውን መስመር ሙሉ ፓልምስ ቤታቸው ምሳ ጠሩ። ዶሮው ተበልቶ ትሪው ላይ አንዲት እንቁላል ስትቀር፣ ‹‹ይህችን አንድ ሰው የእኔ ብሎ ሳይበላት ከዚህ የሚነሣ የለም›› ብለው ዐወጁ። ሁሉም አቀረቀረ። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ይብሏት›› ሲባል፣ ‹‹ኧረ በሞቴ፣ ልጆቹ›› ሲባል፣ እንቁላሏ ቀዘቀዘች። ወይዘሮ ቀለመወርቅ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው ‹‹ነገ ሰው ቤት ሲሄዱ ምን ይሉናል? ልጆቹን ባለጌ ልታደርግብኝ ነው?›› ቢሉም አልሰሟቸውም። በስንት ጭንቅ ይስሐቅ ‹‹ኦኬ... የእኔ›› አለ በሹክሹክታ። አባትየው ‹‹ሜዳው ሰፊ ነው፤ አልሰማሁም›› አሉት። ‹‹የእኔ!›› ብሎ ሲጮኽ ጋሼ ዘርዓብሩክ ከልባቸው ተቀየሙ፤ ጎረቤትም ግድግዳ መታ። ምሳው በየወሩ ቀጠለ፤ ከጋሼ ዘርዓብሩክ በስተቀር ሁሉም በየተራው እንቁላል በላ። እርሳቸው ግን ኳሱን በጡጫቸው ያባርራሉ እንጂ ያንን ቃል ከአፋቸው አላወጡም፤ ‹‹ብሞት አልልም›› እንዳሉ ቀሩ።

የኋላው መስመር በዚህ ዓይነት ቆመ። አቶ ምንይሉ በየጨዋታው ከአራቱ ቋሚዎች ጀርባ ቆመው ‹‹ይስሐቅ፣ ያንተ ነው! ዘርዓብሩክ፣ ድረስለት!›› ሲሉ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ግን የጉሮሮ ሕመም አገኛቸው፤ ቀዶ ሕክምናው ሕይወታቸውን አትርፎ ድምፃቸውን ወሰደው፤ ሹክሹክታ ብቻ ቀረላቸው። መጀመሪያ በእጃቸው ምልክት ለመምራት ሞከሩ። አንድ ቀን ኳሱ በአየር ላይ ሳለ ተከላካዮቹ ሁሉ ዞረው የእርሳቸውን እጅ ሲመለከቱ ጎል ገባ። ያን ዕለት ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ‹‹መከላከያ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሠራሁት ጩኸት ነው። እኔ ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል›› አሉ። ሐኪሞቹ ስለ ቀሪው ጊዜ ከነገሯቸው ይልቅ ያስጨነቃቸው ይህ እንደነበር ወይዘሮ ቀለመወርቅ ይመሰክራሉ።

ስለዚህ ከጎሉ ጀርባ መቆም አቆሙ። ከዚያ በኋላ በየጨዋታው መኪናቸውን ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥተው ፓርክ አድርገው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ያዳምጡ ነበር፤ ወደ ኋላ የሚያሳየውን መስታወትም ወደ ሰማይ ያዞሩታል። ኤማ መጥታ ‹‹ቢያንስ ዞረህ እይ›› ብትላቸው ‹‹እኔ ካየሁ እነርሱም እኔን ያያሉ›› ብለው በሹክሹክታ መለሱላት። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ከኋላው መስመር ዝምታና የባላጋራ ጭብጨባ ብቻ ነበር የሚሰሙት። በዚያ ወራት ምግብ እንኳ እንዳስጠላቸው እናውቃለን።

ባለፈው ሐምሌ የመጨረሻ ጨዋታቸውን ሊሰሙ ሲሄዱ ሕመሙ ጠንቶባቸው ስለነበር መኪናዋን የነዱት ወይዘሮ ቀለመወርቅ ናቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቡድናችን በአምስት ነጥብ ይመራ ነበር። ኳሱ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ሲመጣ ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከጸጥታውም መካከል ‹‹የእኔ! ጋሼ፣ ይልቀቁልኝ!›› የሚል የይስሐቅ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎም ‹‹እኔ ከኋላህ ነኝ!›› ‹‹ግራውን ዝጋ፣ ግራውን!›› ‹‹መጣሁ፣ መጣሁ!›› ሲባባሉ ሰሟቸው። ይስሐቅ የክርስትና አባቱን ትከሻ በጉልበቱ ረግጦ ወጥቶ ኳሱን ያዘ። ጋሼ ዘርዓብሩክ ከመሬት ላይ ሆነው ‹‹ትከሻዬን ሰበርከው እኮ፤ ተባረክ!›› ሲሉ እስከ መኪናዋ ተሰማ። ወዲያው ኳሱ ሲመለስና ሦስት ባላጋሮች ሲከቧቸው ‹‹አንድ ስጥ! አንድ ስጥ!›› ተባለ፤ ጋሼ ዘርዓብሩክም በጡጫቸው በዳር ቋሚዎች መካከል አሳለፉት፤ በአራት ነጥብ አሸነፉ። ወይዘሮ ቀለመወርቅ መኪናዋን ሊያዞሩ ሲሉ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ‹‹ተይው፤ አንድም ሰው ዞሮ አላየኝም አይደል?›› አሉ። ‹‹ማንም አላየህም›› አሏቸው። ያን ቀን ቤታቸው ገብተው በሉ።

አቶ ምንይሉ በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው እንደ ከበባቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቀለመወርቅን፣ ልጆቻቸውን ሃይሚንና ይስሐቅን፣ በድሬዳዋ የሚኖሩ እኅታቸውን ወይዘሮ ፋናን፣ ወዳጃቸውን ኤማን፣ እንዲሁም እርስ በርሱ የሚጠራራ የኋላ መስመር ትተውልን ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸውን ወደ ቤተ መቅደስ ለማስገባት ተከላካዮቹ በደጁ ሲቆሙ፣ ማን ከፊት ይያዝ በሚል እንደ ልማዳቸው መገባበዝ ጀምረው እንደነበር ያያችሁ አላችሁ። ‹‹እርስዎ ይቅደሙ›› ‹‹ኧረ ልጃቸው ይቅደም›› እየተባለ ሳጥኑ ደጅ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ ያንን ቃል ያላሉት ጋሼ ዘርዓብሩክ፣ ካህናቱም ምእመናኑም በሚሰሙት ድምፅ ‹‹የእኔ!›› ብለው ከፊት ትከሻቸውን ከሳጥኑ ሥር አገቡ፤ ሌሎቹም ሳይጠሩ ከግራና ከቀኝ ደረሱላቸው።

ቤቱን ሳያንቀላፋ የሚጠብቅ አምላክ፣ በምድር ሳሉ የሰውን ደጅ የጠበቁትን የወንድማችንን ነፍስ የእኔ ናት ብሎ ይቀበልልን፤ ከደጋግ አባቶቻችን ጋር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።