ከበሮ በሁዳዴ

ደባርቅ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው፤ ፊደሉን በጭቃ እንሠራለን፣ ቁጥሩን በዜማና በጭብጨባ እንላለን። የዚያን ዕለት ልጆቹ ከቆርቆሮ የሠራናትን ከበሮ እየመቱ ሲቆጥሩ ዞር ብል፣ የደብሩ መሪጌታ በሩ ላይ ቆመዋል። የልጅ ልጃቸው ትርንጎ እኔ ዘንድ ነው የምትማረው፤ ከበሮዋን የያዘችውም እሷ ነበረች። ያኔ ነው ሁዳዴ መግባቱ ትዝ ያለኝ። በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከበሮ አይመታም። የቄስ ልጅ ሆኜ እንዴት ረሳሁት? ዛሬ ትርንጎን ይዘዋት ይሄዳሉ፣ ነገ ግማሹ ክፍል ይቀራል ብዬ ሰጋሁ።

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ዘንግቼው ነው» አልኳቸው።

እሳቸው ከበሮዋን ከልጅቷ እጅ ወስደው መስኮቱ ላይ አስቀመጧት። ከዚያ የሚመረኮዙበትን መቋሚያ ይዘው፣ እንደ ማኅሌት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዘመሙ፣ በዝግታ «አንድ… ሁለት…» ማለት ጀመሩ። ልጆቹም አብረዋቸው ዘመሙ። አሥር ላይ ቆም አሉና፣ «እኛም በጾም የምናስተምረው እንዲህ ነው፣ ልጄ። ከበሮዋን ለፋሲካ አቆዪያት» ብለው መቋሚያውን ለትርንጎ ሰጥተዋት ወጡ።

እፎይ ማለት ሲገባኝ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ከትምህርት ቤቱ በታች ያለውን ድንጋያማ ቁልቁለት ሽማግሌው ያለ ምርኩዝ እየወረዱት ነው። ጠፍጣፋው መንገድ ላይ እስኪደርሱ፣ እርምጃቸውን አንድ በአንድ ስቆጥር ቆየሁ።