ድንኳን ውስጥ የቆምኩ ለታ
ልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታችን ሞተው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቆሜያለሁ። ሕፃን ሳለሁ ጭራ አጥንቴ ላይ የነበረ ዕጢ በቀዶ ጥገና ወጥቶልኛል፤ ድኛለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ አግዳሚ ላይ ብዙ መቀመጥ አልችልም። አንድ አዛውንት ሲገቡ ሁሉም ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ፤ እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ።

"በእግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ" አሉኝ።

"እርስዎ ይቀመጡ አባባ።"

"አንቺ ሳትቀመጪማ አልቀመጥም" ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሁለታችን ተገትረን ሰው ያየን ጀመር። ጨነቀኝና እውነቱን በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸውም ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይቶ ንፍሮ የምታዞር ሴትዮ "ምነው ቆምሽ? ተቀመጪ እንጂ" አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አዛውንቱ መለሱላት።

"ተያት፤ የእሷ መቀመጥ እንዲህ ነው።"