ቆዳ ሳይበሳ የሚገባ ኃይል

ጎረቤቴን ቶክሳንባይን በዋና ከተማችን በአስታና፣ በልብ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ ያገኘሁት ሳላስበው ነው። እኔ መነጽር ላሠራ ከመንደር መጥቻለሁ፤ እሱ የሆዱን ቁስል አሳጥቦ ይወጣል። በእኛ አገር ፈረስ በመግራት የታወቀ ሰው ነበር። ልቡ ከደከመ ወዲህ ግን ደረቱ ውስጥ ደም የሚገፋ ትንሽ ሞተር ገብቶለታል። የሞተሩ ሽቦ በሆዱ ቆዳ በኩል ወጥቶ ወገቡ ላይ ከታጠቀው ባትሪ ጋር ይገናኛል። ሽቦው የወጣበት ቀዳዳ ነው አልድን ያለው።

የሟች ወንድሙ ልጅ ራውሻን ተከትላው ወጣች። አልማቲ ከተማ ኤሌክትሪክ ተምራ ከሐኪሞቹ ጋር የምትሠራ ናት።

«መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለችኝ። «ሐኪሞቹ ይህን ሽቦ እናስቀርልዎ ቢሏቸው እምቢ አሉ።»

«እምቢ ነው!» አለ ቶክሳንባይ። «ሽቦውን ነቅለው በምን ሊያኖሩኝ መሰለህ? በአየር!»

«ደረትዎ ውስጥ የሽቦ ጥቅል ይቀመጣል፤ ሌላው ጥቅል ከባትሪው ጋር ከላይ በቀበቶ ይታሰራል። የውጪው ለውስጠኛው ኃይል ያቀብለዋል። ቆዳዎ አይበሳም።»

«ሳይነካው?»

«ሳይነካው።»

«በሬ ወለደ በይኛ! ይህን ሽቦ በእጄ እዳስሰዋለሁ፤ እሱ ካለ እኔም አለሁ። በማላየው ነገር ነፍሴን ላስይዝ?»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፤ ሰው የለመደውን ጉዳት ካልለመደው ጥቅም አብልጦ ያምናል። በዚህ ጓደኛዬ ላይ አልፈረድኩም። ግን ቁስሉ ይሸት ነበር።

ራውሻን ሻይ ጠጡ ብላ ቤቷ ወሰደችን። ከግድግዳው ሁለት ዶምብራ፣ ክራር መሰል ባለ ሁለት ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ አወረደች፤ አንዱ የአባቷ ነው። የሁለቱንም ክሮች አንድ ዓይነት ቃኝታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በአንደኛው ዶምብራ ክር ላይ ቁራጭ ወረቀት ሰቀለችና የሌላኛውን ክር መታች። ወረቀቱ ዘሎ ወደቀ።

«ማን ነካው?» አለች።

ቶክሳንባይ ራሱ ጎበዝ ዶምብራ መቺ ነው። የአንዱን ቅኝት በጥቂቱ አላልቶ ወረቀቱን መለሰና የሌላውን ክር መታ። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም።

«ቅኝቱ ሲለይ አይሰማውም» አለ ቀስ ብሎ።

«እንዲያ ነው አጎቴ። እዚህ ንዝረቱን የሚያደርሰው አየር ነው፤ በእኛ ጥቅሎች ግን ማግኔት ነው። ቅኝታቸው አንድ ከሆነ በቆዳ በሥጋ አልፎ ይደርሳል።»

«ቀበቶው ቢንሸራተትስ?»

«ኃይሉ ይቀንሳል፤ መሣሪያው ይጮኻል። ከጥቅሉ ጋር ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ባትሪ አለች፤ እሷ ለጥቂት ሰዓት ትይዝዎታለች። ትንሽም ይሞቃል፤ አልዋሽዎትም።»

«ጉድ ነው! ጉድለቱን የሚናገር ሻጭ ዛሬ አየሁ» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ስኒውን ሳይጠጣ አስቀመጠ። ሻዩ በረደ።

«ያን ጊዜ ደረቴን ከፍተው ሲያስተኙኝ ሚስቴ ኡልዣን ደህና ነበረች» አለ። «ስነሳ ተቀብራለች። እናንተ ግን ያልመጣችው ጉንፋን ይዟት ነው እያላችሁ ለሳምንታት ደበቃችሁኝ። አንዲት ዘገን አፈር አላለበስኳትም። አሁን ደግሞ ተኛ ትይኛለሽ።»

ራውሻን አለቀሰች። «ልብዎ እንዳይቆም ብለን ነው የደበቅንዎት።»

«ልቤማ የእናንተ ሞተር ነው፤ መቼ ይቆማል?»

ራውሻን ዓይኗን ጠርጋ እንዲህ አለች፦ «ቁስሉ ደምዎ ውስጥ ከገባ ግን እርስዎንም አፈር እናለብስዎታለን። ይህንም አልደብቅዎትም።»

«ስነቃ ማን ይኖራል?»

«እኔ።»

«የሞተ ሰው ቢኖር ትነግሪኛለሽ?»

«ዓይንዎን እንደገለጡ።»

«በይ ማዪልኝ» አለ።

ማለችለት። ቀዶ ሕክምናው ቀላል አልነበረም፤ ሐኪሞቹም ሆኑ እኛ ጭንቅ ላይ ዋልን። ሲነቃ አልጋው አጠገብ ነበርን። ከንፈሩ ደርቆ፣ ድምፁ ሰልሎ፣ «ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም፣ አጎቴ» አለች ራውሻን። «ሁሉም ደህና ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ቀዳዳው ተደፍኖ ጠባሳ ሆነ። ትኩሳት የለ፣ ፋሻ የለ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቆዳ የተፈጠረው እንዲዘጋ ነው፤ ሳይበሱት መርዳት ከተቻለ፣ በሽቦ በሩን ከፍቶ በሽታን መጋበዝ ለምን? አዲሱን ነገር የምናመጣ እኛም ከሽቦው ይልቅ የሰውየውን ሐዘን አስቀድመን ብንጠይቅ፣ ብዙ ክርክር ይቀርልን ነበር።

በበጋው ቶክሳንባይ የውስጧን ትንሽ ባትሪ ተማምኖ ቀበቶውን ፈትቶ ለራውሻን ሰጣትና ወንዝ ወረደ። ከሕመሙ ወዲህ ገላውን ሙሉ ታጥቦ አያውቅም ነበር። ውሃው እስከ ደረቱ ሲደርስ እሷ ከዳር ሆና በጭንቀት ጠራችው።

«አጎቴ፣ ይበቃል፣ ይውጡ!»

«ቆይ እንጂ ልጄ» አለ፤ «ገና ራሴን አልነከርኩም።»