የአባ ጀምበሩ ቋጠሮ

ሐኪሜ ስኳርህ እንዲወርድ በእግርህ ተንቀሳቀስ ካለኝ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት እዚህ እስራኤል አገር በአሽዶድ ባሕር ዳር ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ለጤናዬ ብዬ እንጂ ለእይታው አይደለም፤ አሸዋውን ፌስታልና ጠርሙስ ከወረሰው ቆይቷል። ዕድሜ ልኬን በአስተርጓሚነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ሁለት ሰው ሲከራከር ባየሁበት ቆሜ የመስማት ልማድ አለብኝ። በዚያን ዕለትም የሆነው ይኸው ነው።

የሰፈራችን ሰው የውዱ ልጅ ኢላኒት አሸዋው ላይ ተንበርክካ የሞተች የባሕር ኤሊ ትሥላለች። ይህች ልጅ ሠዓሊ ናት፤ ወፉንም፣ ሸርጣኑንም፣ ቅጠሉንም ምንም ሳታስቀር ትሥላለች፤ ሰው አይቶ የሚያልፈውን ቆም ብሎ ቢያየው ያዝንለታል ባይ ናት። አጠገቧ ሮቫ በምንለው ሰፈራችን ጎረቤቴ የሆኑት አባ ጀምበሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በእጃቸው እንደ ልማዳቸው ዳቦ የሞላ ሳኪት ይዘዋል። ሳኪት የምንለው ይኸው የሱቅ ፌስታል ነው።

ሰፈራችን ዳቦ ከቆሻሻ ጋር መጣል ነውር ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ትርፉን በሳኪት አድርጎ ከገንዳው ጎን ይሰቅላል። አባ ጀምበሩ ደግሞ ይህም አልዋጥላቸው ብሎ እየሰበሰቡ፣ ለወፍ ይሁን ብለው ባሕሩ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ጋር ይቋጥሩታል።

«እንደምን አደርሽ ልጄ? ምነው በጠዋቱ ሬሳ ትሥያለሽ? አበባ ጠፍቶ ነው?» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ። አበባውንማ ሥዬው ነበር። ያምራል ብለው ያልፉታል። ይቺን ያየ ግን ሳኪት ሲጥል ትዝ ትለው ይሆናል።»

«ሥዕል ማንን መልሶ ያውቃል?»

«እኔ እንጃ። ብቻ እንዳልዋሽ እጠነቀቃለሁ። አንዲት ነገር ከራሷ ጨምራለች ካሉኝ አይሰሙኝም።»

«እንግዲያ ለሚጥሉት ንገሪያቸው። እኔ የምሰቅለው ዳቦ ነው።»

«ዳቦውንስ ወፍ በላው እንበል፣ አባ። ሳኪቱስ ወዴት ይሄዳል?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «አንቺ እዚህ ተወልደሽ ስለ ዳቦ ምን ታውቂያለሽ? ልጄን ስሜነሽን ሱዳን መጠለያ ውስጥ ራብ ገድሏት ቀብሬያት ነው የመጣሁ። ዳቦ ሲረክስ ዝም ብዬ ልይ?»

ይህን ሲሉ ልጅቷ ምን ቆርጧት ትመልሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሥዕሉን ወደ እሳቸው አቀረበችና፣ «እስቲ ይዩልኝ» ብቻ አለች።

የአባ ጀምበሩ ዓይን ደክሟል፤ መሬት ያለችውን ኤሊ አጥርተው አላዩአትም ነበር። ሥዕሉን ግን ጎንበስ ብለው አዩት። የቅርፊቷ ስንጥቅ፣ ዙሪያዋ የተበተነው ሳኪትና ጠርሙስ፣ ከአፏ ግማሹ የወጣው ፌስታል ሳይቀር አለ። ከጥጉ ላይ ኢላኒት የዚያን ፌስታል ቋጠሮ አግዝፋ ሥላዋለች፤ ሁለት ጊዜ የታሰረ፣ ጫፉ ተመልሶ ወደ ሆዱ የገባ፣ ደረቅ የቁጥቋጦ እንጨት የያዘ ቋጠሮ ነው።

«ይህን ከራስሽ ነው የጨመርሽው?»

«አይደለም፣ አባ። እንዳለ ነው።»

በከዘራቸው እየተደገፉ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉና ፌስታሉን ከኤሊዋ አፍ በእጃቸው ዳሰሱት።

«አቁማዳ የምንቋጥር እንዲህ ነበር፤ ሱዳን ስንወርድ ያቺው ጥቂት ዱቄት እንዳትፈስብን» አሉ። ቋጠሮውን እንደያዙም፣ «የኔ ነው» አሉ።

ኢላኒት ደነገጠች። «አላወቅሁም ነበር፣ አባ። ቀለሙ አልደረቀም፣ ላጥፋው።»

«ተይው። ከዋሸሁ አይሰሙኝም ብለሽ የለም?»

ለእኚህ ሰው ይህ ይገባቸዋል? አልኩ በልቤ።

«ታዲያ ዳቦውን ምን ላድርገው?» አሉ። «ገንዳ ውስጥ ብትገድዪኝ አልጥልም።»

«አገር ቤት ሲተርፍ ምን ታደርጉት ነበር?»

«ምን ተርፎ! ቢተርፍም በፀሐይ አድርቀን ድርቆሽ ነው።» ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህስ መች ፀሐይ ጠፋ።»

ዛሬ የአባ ጀምበሩ በረንዳ የዳቦ ማድረቂያ ሆኗል። ጎረቤቱንም የምትበሉትን ያህል ግዙ እያሉ ይመክራሉ። የሰማቸው ሰው ተጠቅሟል፤ ወጪው ቀንሷል፣ በገንዳው ዙሪያ አይጥ ጠፍቷል፣ ቁጥቋጦውም ከፌስታል ተገላግሏል፣ ዳቦውም እንደተከበረ ነው። ኤሊዋን የሚመልስ ግን አልተገኘም፤ ባሕሩም ያው ነው።

ሥዕሉ ማትናስ በምንለው የሰፈራችን ሕዝብ መሰብሰቢያ አዳራሽ ተሰቅሏል። አባ ጀምበሩ ከሥሩ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ልጆች ማን ገደላት ብለው ሲጠይቁ፣ በጣታቸው ቋጠሮውን ያሳዩና፣ «ይህን ያሰርኩ እኔ ነኝ» ይላሉ።

ሥዕሉ ላይ ቋጠሮ የሌላቸው ሌሎች ሳኪቶችም አሉ። የኔ ነው ያለ ሰው እስካሁን አልመጣም።