አቶ ዱባለ ያላረሱት መሬት

ልቅሶ ደራሽ ወገኖቻችን፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁና፣ ዛሬ በመካከላችን በዝምታ የተኙት አቶ ዱባለ ወልደ አማኑኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደ አማኑኤል ኃይለ ኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አማከለች ገብረ አማኑኤል በ1945 ዓ.ም. በግሼ፣ ከራቤል ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ በሚርቀው በዚሁ መንደራችን ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብራችን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል፤ የኔታም ለድቁና ሊያበቋቸው አስበው ነበር፤ ዳሩ ግን አባታቸው በድንገት ስላረፉ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው እርፍ ጨበጡ። ከዚያ ወዲያ እርፉን የለቀቁት ለበዓልና ለሰንበት ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1966 ዓ.ም. ወይዘሮ በለጠች ይሥሐቅን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል። በእርሻ አገር ያወቃቸው ነበሩ፤ በተለይ ዝንጀሮ ገደል የሚባለውን፣ ሰው ቆሞ ለመሄድ እንኳ የሚሠጋበትን ተዳፋት ማሳቸውን፣ በሬዎቻቸውን በየስማቸው እየጠሩና እያባበሉ ሲያርሱ ቆሞ ያላደነቀ መንገደኛ አልነበረም። መሬት ጦም ሲያድር ማየት ስለማይወዱ የሰነፍ ጎረቤት ማሳ አይተው ዝም ብለው አያልፉም ነበር፤ በዚህ ምላሳቸው የተለበለብን እዚህ ብዙ አለን።

ይሁን እንጂ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ገብሱ ቀጠነ፤ ከገደሉ ሥር የነበረችው ምንጭም ነጥፋ እናቶች ለውኃ ወንዝ ድረስ ይወርዱ ጀመር። በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ተዳፋት ማሳቸውን ከእርሻና ከግጦሽ ለሚያሳርፉ ገበሬዎች ለአምስት ዓመት የጥበቃ ክፍያ እንደሚሰጥ ሲነገር፣ ላለማረስ ገንዘብ መቀበል ለእሳቸው ከስድብ አላነሰም። ለሳምንታት ካንገራገሩ በኋላ የፈረሙት፣ ወይዘሮ በለጠች ባዶ እንስራቸውን አምጥተው ፊታቸው ስላስቀመጡ ነው። የአቶ ዱባለን ምላስ ደጋግመው የቀመሱት ጎረቤታቸው አቶ እሱባለውም ተራቸው ደረሰና ክፍያውን “የጦም አዳሪ ደመወዝ” ብለው ሰየሙት፤ ስሙም በራቤል ገበያ ሁሉ ናኘ።

በመጀመሪያው ዓመት የዘር ወቅት ሲደርስ እጃቸው አላስችል ብሏቸው ከዝንጀሮ ገደል ግርጌ አንዲት ፈር ቀደዱ። መሬቱን ሊያዩ የመጡት ባለሙያዎች ፈሩን አግኝተው፣ አቶ እሱባለው ድንበር ገፍተው ያረሱት መስሏቸው ሊከሷቸው ሲሰናዱ፣ አቶ ዱባለ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ተነሥተው ያረሱት ራሳቸው መሆናቸውን፣ ያረሱትም መሬቱ ናፍቋቸው መሆኑን ተናገሩ። የዚያ ዓመት ክፍያ ቀረባቸው። አቶ እሱባለው ግን ያን ስም ዳግመኛ በአፋቸው አላነሡትም፤ ይልቁንም ሳምንት ሳይሞላ የራሳቸውን ተዳፋት ለማሳረፍ ፈረሙ።

ክፍያው በ2013 ዓ.ም. ሲያበቃ በገደሉ ላይ የበቀሉት የኮሶና የአስታ ዛፎች ከሰው ቁመት ደርሰው፣ ምንጪቱም ተመልሳ ነበር። አንዳንዶቻችን ሞፈር ስናሰናዳ አቶ ዱባለ “ክፍያው አለቀ እንጂ ጦሙ አልተፈታም” ብለው፣ ገደሉን ያረሱበትን ሞፈር ቆርጠው ከብት እንዳይገባበት ላጠሩት አጥር ችካል አደረጉት፤ እኛም አፍረን ሞፈራችንን መለስን። በዚህ ሰው እንኮራለን።

አቶ ዱባለ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በደብረ ብርሃን ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው፣ ትናንት ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከቤታቸው፣ ከቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ። ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው የታጠበው፣ ልጃቸው ትርሲት በእናቷ እንስራ ከዚያችው ምንጭ ቀድታ ባመጣችው ውኃ ነው።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ በለጠችን፣ ልጆቻቸውን ምሥራቅን፣ አንዷለምንና ትርሲትን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ ከሁላችን ይልቅ ዛሬ አንገታቸውን የደፉትን ጎረቤታቸውን አቶ እሱባለውን፣ እንዲሁም ያላረሱትን አንድ ገደል ትተውልናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይሥሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ ከጎርፍ ያተረፉልን አፈርም ይቅለላቸው። አሜን።